ያልተቀመሰው ቅቤ

«ዓመለወርቅ ጩማ በፌስቡክ አንድ የአረካ ወንድ ይዛ፣ ለእሱ ስትል አባቷን በሽማግሌ ፊት አዋረደች» ይባላል። ሶዶ ውስጥ ይህን ያልሰማ ካለ ወይ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ ወይ ገና አልተወለደም። ወሬው በየሰፈሩ ሲያልፍ አንድ አንድ እግር እየጨመረ ሄዷል። መናኸሪያው ጋ ሰውዬው ሙስሊም ስለሆነ አባትየው እሺ አይልም ብላ ነው ይላሉ። ገበያው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሊያገባት አስቦ የሽቶ ጠርሙስ ልኮላታል። ከፍ ብሎ ወደ ዳሞታ ተራራ ሲወጣማ መንታ አርግዛለች።

እኔ በወሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ወሬ አልንቅም። ነገር ግን ወሬም እንደ ቆጮ ነው፤ ተቀብሮ መቆየት ያለበትን ያህል ካልቆየ አይበላም። ይሄኛውን ጥሬውን አውጥተው ነው ለአገር ያበሉት።

የአረካው ሰውዬ አንዋር ይባላል። እዚያው ጎረቤት ከተማ የፕላስቲክ ጀሪካንና የጎማ ጫማ ይሸጣል፤ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ከእነሱ ሌላ የሚያኖረው ነገር ቢኖር የጨጓራ በሽታውን ነው። ከዓመለወርቅ ጋር በአካል የተገናኙት አንዴ ብቻ ነው። ያኔም ሰው በፊልም ድርሰት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማልቀስ ይችላል አይችልም ብለው ተጨቃጭቀው፣ የየራሳቸውን ሻይ ከፍለው ተለያዩ። ይህ ፍቅር ከሆነ ለጠላቴ ይስጠው። አባቷን አዋረደች የተባለው ግን ውሸት ነው ማለት አልችልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራለች። እዚያ ዓረፍተ ነገር ጋ እስክንደርስ ታገሡኝ።

ዓመለወርቅ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። የሰው አቤቱታ ትተይባለች፣ የሰው መታወቂያ ኮፒ ታደርጋለች። የምትታወቀው ግን በአፍንጫዋ ነው። የማትወደው ነገር ሲገጥማት አፍንጫዋ እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል ይሸበሸብና «ኤጭ!» ትላለች። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ኤጭ። የሰው እጅ ይዞ የማይለቅ የቢሮ ሰው፣ ኤጭ። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ጉድለት ነበረብኝ፣ ታርሜያለሁ» እያለ ግለ ሂስ የሚያወርድና ወዲያው ወደ ጉድለቱ የሚመለስ ካድሬ ስታይማ ምሳዋ ወደ ላይ ይወጣል። ለሰው ዓይን ተብሎ የሚወርድ እንባ ከቦይ ውኃ ይልቅ ያስጠላታል።

ይህ አፍንጫ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከቅቤ ነው።

በእኛ በወላይታ አገር ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ በሬው የወንድ ጉዳይ ነው፤ ቅቤው የሴት። ሴት ዓመቱን ሙሉ በየገበያው ቀን ጥቂት ጥቂት እያለች ታጠራቅማለች። ባል የት እንዳለ አይጠይቅም፤ ቢያውቅም አላየሁም ይላል። ዓመለወርቅ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ እናቷ እማማ ፋንታዬ ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ፣ አባቷ ጩማ በበዓሉ ዋዜማ ከነቅሉ ተሸክሞ ወጣ። ወዴት? አረካ፣ ሌላይቱ ሴት ቤት። (ጩማን አንቱ የማልለው ለዚህ ነው፤ አንቱታዬ ከቅቤው ጋር አብሮ ሄዷል።) በዚያ ጊፋታ ከየጎረቤቱ የቅቤ ሽታ እየመጣ እናትና ልጅ ደረቅ ቆጮ በዳጣ በሉ።

ሚስት ጥሎ መሄድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አገሩም ለዚህ ይቅርታ አያጣም። እማማ ፋንታዬም ለምን ሄደ አላሉም። «ቅቤውን እንኳ ቢተው» ነው ያሉት፤ ያንኑ ደጋግመው። ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ፣ መቀመጫ ዱካቸውን ወደ አጥሩ በር አዙረው ይቀመጡ ጀመር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ የመጣው ኩበት ሻጭ ይሆናል።

«እማዬ፣ ፊትሽን አዙሪ» ትላለች ልጅቱ።

«ፀሐዩ በዚህ በኩል ስለሆነ ነው።»

«ፀሐዩ ከኋላሽ ነው።»

ዓመታት ፈጀ እንጂ አዞረቻቸው። ዱካው ወደ ጓሮው እንሰት ዞረ፤ እማማም ማኅበር መሄድ፣ መሳቅ፣ የጎረቤት ዶሮ መሳደብ ጀመሩ። ዓመለወርቅ በዚህ ዓለም ሠራሁ ብላ የምትኮራበት ሥራ ቢኖር ይሄ ብቻ ነው፤ አንድ ዱካ ማዞር። እናቷ ዳግመኛ እንዳትታለል እንጂ ለራሷ ምንም ስትመኝ የሰማ የለም።

ወደ ፊልም ጽሑፍ የገባችው በመጸየፍ ነው። አንድ ጎረምሳ የፊልም ድርሰት ነው ብሎ አስተይቦ ሳይወስደው ጠፋ። መብራት በሌለበት ቀን አነበበችው። ሰባት ሰው ይሞትበታል፣ ሁሉም ሲሞቱ ይመክራሉ። «ይሄን ከሚጽፍ ጣቱን በር ይቀጥቅጠው» ብላ ራሷ መጻፍ ጀመረች።

ጊዜው ፌስቡክ በየሰው ኪስ የገባበት ነው። ጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች የሚረዳዱበት አንድ የአማርኛ ቡድን አገኘች። የመጀመሪያ ትዕይንቷን ለጠፈች፤ «ሴትዮዋ ያሳለፈችውን መከራ እያሰበች ቁጭ ብላለች» ይላል። መዓት ወረደባት። «ዋው!» «በርቺ እህቴ!» «አስለቀስሽኝ!» ካነበቡት የሚበዙት ያላነበቡት ናቸው። አንዱ በውስጥ መስመር «ፎቶሽስ?» አላት። እኔ በኋላ ገብቼ አየሁት፤ ማር የፈሰሰበት ወለል ይመስላል፤ የረገጥከው ሁሉ ይጣበቅሃል። አፍንጫዋን ሸብሽባ ልትወጣ ስትል ከሥር አንድ አንዋር የሚባል ሰው ጻፈ፦

«እህቴ፣ ካሜራ ሆድ ውስጥ አይገባም። መከራዋን እያሰበች መሆኑን በምን ልወቅ? ምናልባት ቁርጠት ይዟት ይሆናል።»

ብቻዋን ሱቅ ውስጥ ሳቀች። ቀረች።

እውነቱን ለመናገር ከማሩ ሥር ሰው ነበረበት። ከጎንደር አንድ ሹፌር ንግግር እንዴት እንደሚያጥር አስተማራት። ከድሬዳዋ አንዲት ነርስ ረጅም ትዕይንት እየቆረጠች ትልክላት ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ በአጭር መልእክት ይቀጥላሉ። አንዋር ደግሞ ጀሪካን እየሸጠ፣ በደንበኛና በደንበኛ መካከል፣ እንደ ዳጣ የሚያቃጥል አስተያየት ይጽፍላታል። ያ አፍንጫ ያረፈበት ቦታ ቢኖር ያ ቡድን ነው። ሰው የሚያፍርበትን ይዞ መጥቶ ሳይሳቅበት የሚሄድበት ቦታ የት አለ? እኔን ጨምሮ ሶዶ ውስጥ የለም።

ቡድኑ እየሰፋ ሲሄድ ጀማሪዎች መድረሻ አጡ። አለቃው፣ ቤኒ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ለአምስት!» ብሎ አወጀ። ያኔ መንግሥት ገበሬውንም ተማሪውንም የጠበል ማኅበሩንም ሳይቀር አንድ ለአምስት የሚያደራጅበት ዘመን ስለነበር ሁሉም ቀልድ መሰለው። ቤኒ ግን አልቀለደም፤ ለአንድ ነባር አምስት ጀማሪ አደለ። የድርሰት መተቻውንም ግምገማ አለው። አንድ ሕግ ብቻ አወጣ፤ ጀማሪ አይሸማቀቅም።

ለዓመለወርቅ አምስት ደረሷት። አንዱ በሁለተኛው ቀን ጠፋ። አንዷ ተዋናይ መሆን ነው የምፈልገው አለች። አንዱ ካናዳ መሄጃ ጠየቃት። አራተኛው መነጽር ያደረገባቸውን ፎቶዎች ብቻ ይልካል። አምስተኛው ስሙን «የዳሞታ ልጅ» ያለ ነው። እትዬ ይላታል። በማለዳ ሰላምታ ይልካል፣ ሲመከር ያመሰግናል። ደግሞ የተራራዋ ልጅ! ያቺ ለሹመኛ ያልሳቀች ሴት ለእሱ ፈገግ ማለት ጀመረች።

አንድ ቀን እንዲህ ሲል ጻፈላት፦

«እትዬ፣ አንድ ትዕይንት አስቸገረኝ። ሚስቱን ጥሎ ሌላ ጋ የኖረ ሰውዬ አርጅቶ ይመለሳል። ምን ቢላት ትቀበለዋለች?»

ወደ ቡድኑ ወሰደችው። ሕዝቡ ለእርዳታ ተሯሯጠ። ያን ቀን የተጻፈውን ሳነብ ጥርሴን መፋቅ ነው ያማረኝ። አንዱ ዝናብ ይዝነብበት አለ። አንዱ እግሯን በእንባው ይጠብ አለ። ከዱባይ አንዷ «ካንሰር ይኑርበት፣ ካንሰር ያለበትን ሰው ማን ይመልሳል» አለች፤ ብዙ ሰው ልብ ሰጣት። የሰውዬውን ጸጸት እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈሉት።

ዓመለወርቅ አላስቻላትም።

«ይቅርታ የሚል ቃል አይውጣው» ብላ ጻፈች። «ይቅርታ የቢሮ ቃል ነው፣ በእሱ ምጣድ አይሰማም። ሲሄድ ይዞት የሄደ አንድ ነገር ይኑር። ቅቤ ይሁን፤ ለበዓል ያጠራቀመችው። ልግባ አይበላት፣ ልቁም ይበላት። ቀጥሎ ያን ቅቤ አልቀመስኩትም ይበል። ከዚያ ዝም ይበል። ከቅቤው በኋላ አንድ ቃል ከጨመረ ትዕይንቱ ይሞታል።»

ቡድኑ አበደ። ቤኒ ከላይ ሰቀለው፤ ጀማሪን መርዳት ማለት ይህ ነው አለ። ቅቤው ከየት እንደመጣ ለማንም አልተናገረችም። የእናቷን ሕመም ለማያውቁት ሰው አውጥታ መስጠቷን ግን ታውቃለች፤ ጥሩ ትዕይንት የሚወጣው ከዚያ ነው ብለው ያስተማሯትም እነሱ ናቸው።

የዳሞታ ልጅ «እትዬ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ሙሉውን ንግግር በአማርኛ አሳምረሽ ብትጽፊልኝ» አለ። ጻፈችለት።

አንዋር ስልክ ደወለ።

«ይሄ ልጅ ፊልም እየጻፈ አይደለም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ፊልም የሚጽፍ ሰው ከዚያስ ይላል። ይሄ ሴትዮዋ ምን እንደምትመልስ እንኳ አልጠየቀም። ስሟን አያውቅም። ሰውዬው በሩን ካለፈ በኋላ ምን እንደሚሆን ግድ የለውም።»

«ጀማሪ ነዋ! አንተ ስትጀምር ምን ታውቅ ነበር?»

«ወላሂ እኔ ነጋዴ ነኝ። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ዕቃውን ለራሱ አይደለም የሚፈልገው።»

«ኤጭ! አንተ ሰው ማመን የጀሪካን ክዳን መሰለህ እንዴ፣ ጠበቅ የምታደርገው? ሕጉን ታውቃለህ፣ ጀማሪ አይሸማቀቅም። ሂድ ሱቅህን ጠብቅ!»

ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው፤ እሷ ስለዚህ ነገር አፍ አታወጣም።

ጊፋታ ደረሰ። የእማማ ፋንታዬ ቤት ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ያን ዓመት ሞልቶላቸው ነበር። አቶ ዳልጮ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። እኔም አብሬ ገባሁ፤ ለሽምግልናው ሳይሆን ለዳጣው ነው። ከኋላቸው በሰው ኮት ውስጥ የገባ ጩማ አለ። ከጩማ ኋላ ደግሞ ቶማ፣ ከአረካይቱ ሴት የወለደው ጎረምሳ። አረካይቱ ጩማን ማስወጣቷን እናውቅ ነበር። ቶማ ሊያገባ ነው፣ ያለችውም አንድ ክፍል ናት፣ አባቱን የሚያራግፍበት ፈልጓል የሚለውን የሰማሁት በኋላ ነው።

አቶ ዳልጮ እንደ ወጉ በወላይትኛ ስለ አጥር፣ ስለ እርጅና፣ ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት ተናገሩ። እማማ ፋንታዬ ፊታቸውን ወደ ጓሮው እንዳደረጉ ናቸው። ዓመለወርቅ ማስታጠቢያ ይዛ የሽማግሌዎቹን እጅ ታስታጥባለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ይሄ ሰውዬ ምንም ቢል እናቷ እንደማትዞር እርግጠኛ ናት።

«እንግዲህ ጩማ፣ ተናገር» አሉ አቶ ዳልጮ።

ጩማ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ የጠረገውን መሐረቡ ላይ ተፋና አየው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በአማርኛ ጀመረ።

በአማርኛ! ከሚስቱ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ የአማርኛ ቃል አላወጣም። በዚያ ቤት አማርኛ ለቀበሌ ወረቀትና በቅሎ ለመሳደብ ነው። አቶ ዳልጮ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ፍርድ ቤት አከበራት ብለው ነው።

«ፋንታዬ፣ ልግባ አልልሽም። በር ላይ ልቁም።»

ውኃው በሽማግሌው እጅ ላይ መውረዱን ቀጠለ። ሽማግሌው እጃቸውን ከሰበሰቡ በኋላም ወረደ።

«ይዤ የሄድኩትን አውቃለሁ። መንገዱን ሙሉ ቅሉ ጀርባዬን ሲነካኝ፣ ያንቺ እጅ እየመለሰኝ መሰለኝ።»

ዓመለወርቅ ቀና ብላ ያየችው አባቷን አይደለም። ከኋላው፣ ግድግዳው ሥር፣ ቶማን ነው። የቶማ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። አባቱ ከሚናገረው በአንድ ቃል ይቀድማል። ሲያያትም አላቆመም፤ የደነገጠ ጸሎተኛ ይመስል ዓይኑን ብቻ ጨፈነ።

«ያን ቅቤ አልቀመስኩትም።»

እማማ ፋንታዬ አማርኛቸው የገበያ ነው፤ ቅቤ የሚለውን ግን ማን ያስተረጉማል! እጃቸውን ከሥራቸው ሰደዱና ዱካውን ጎትተው፣ ወደ በሩ፣ ወደ እሱ አዞሩት።

ትዕይንቱ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ጩማ ግን ዱካው ሲዞር አይቶ ልቡ ሞላ። ወደ ወላይትኛው ተመለሰና፣ «ደግሞም እኮ ሆዴን ያመኛል፣ የአረካ ውኃ አልተስማማኝም፤ ይሄም ጓሮ ቢሆን እንሰቱን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ የወጥ ቤቱ ማገርም የእኔ ነው» እያለ ቀጠለ። ቶማ ከኋላ የኮቱን ጫፍ ይጎትታል። ጩማ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ጢሙ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ጎንበስ ብሎ የእማማን ጉልበት ሳመ፤ ቀሚሳቸው ላይ እርጥብ ቀረ። ሽማግሌዎቹ «አሜን! ጌታ ይመስገን!» ብለው ቤቱን ሞሉት።

አስቡት እስቲ። የጻፍኩት እኔ ነኝ ብትል እናቷ ያን ቅቤ ሁለተኛ ጊዜ ልትነጠቅ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ሰውዬው ገባ። ጮክ ብላ ቶማን ብትሰድበው እሱም ወንድሟ ነው፣ የዳሞታ ልጅ ተብሎ እትዬ ያላት፣ አይዞህ ጎበዝ ያለችው።

ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አፍንጫዋ አልተሸበሸበም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። የተናገረችው በወላይትኛ ነው፣ በቀስታ፣ ጀማሪ እንደምታርም ሰው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ቶማ መሬት መሬት አየ፣ እማማ ፋንታዬ የሰውዬውን ጭንቅላት እየዳበሱ ነበር።

«አባዬ፣ ከቅቤው በኋላ ዝም በል ብዬ ነበር የጻፍኩልህ።»